ሚሚ የመከረችው

ከዓባይ ማዶ ወደ ገበያ በሚሄደው ታክሲ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴቶች ያወራሉ።

«ፌስቡክ ላይ በሐሰት ስም ገባሁልሽ። ሚሚ ነኝ።»

«በዚህ ዕድሜሽ? ለምኑ ብለሽ?»

«የልጄ ሚስት አልሰማ ብትለኝ ነዋ! ዓሣውን በሎሚ እጠቢው ብላት ‹የድሮ ነገር› አለችኝ። እሱኑ በሚሚ ስም ጻፍሁት። ማታውን ‹እማማ፣ ዓሣ በሎሚ ሲታጠብ እኮ አይሸትም› ብላ አስተማረችኝ።»

«ወይ ጉድ! አንቺስ ምን አልሽ?»

«‹ተባረኪ፣ ማን ነገረሽ?› አልኋት።»

«ምን ዓይነቷ ሴት ነሽ!»

«ቆይ፣ መች አለቀ። ሰሞኑን ደግሞ ለሚሚ በውስጥ መስመር ጻፈችላት። ‹አማቴ አስቸገረችኝ፣ ምን ላድርግ?› ትላለች።»

«ውይ! ምን ብለሽ መለስሽ?»

«መጀመሪያ አለቀስሁ። ከዚያ ‹ጥለቱ ሰፋ ያለ ነጠላ ግዥላት፣ ለዘብ ትልልሻለች› አልኋት።»

«ገዛችልሽ?»

«ይኼ የለበስሁት ምን ይመስልሻል?»

«እና ለዘብ አልሽላት?»

«ቀሚሱ ሳይመጣ?»

ስልኬን አውጥቼ፣ ጠዋት «ለእናትህ ቶሎ ቶሎ ደውል» ብላ የጻፈችልኝን የማላውቃትን ሴት ስም ደግሜ አነበብሁት።