በነፃ የሚሞላ ጉድጓድ

እኔ ከቤቴ የወጣሁት የፋርማሲዬን መደርደሪያ ለማስጠገን እንጂ ነገር ፍለጋ አልነበረም። የጎረቤቴ የጋሽ አናጢው በር ላይ ስደርስ አንድ ትልቅ ቦቴ ወደ ኋላ እየተንፏቀቀ ከግቢያቸው ሲወጣ ተገጣጠምን። ሽማግሌው መጋዛቸውን እንደያዙ ፊታቸው በደስታ በርቷል።

"ዶክተር! በደግ ሰዓት መጣሽ፤ ነይ እዪልኝ!" አሉኝ። ዶክተር አይደለሁም፣ መድኃኒት ሻጭ ነኝ ብዬ ብዬ ደክሞኛል፤ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ።

ከጣውላው ክምር ጀርባ ወዳለው አሮጌ ጉድጓድ ወሰዱኝ። አባታቸው የቆፈሩት፣ ከደረቀ ብዙ ዓመት የሆነው፣ በቆርቆሮ ተከድኖ የኖረ ጉድጓድ ነው። ጎንበስ ስል ከታች ግራጫ ጭቃ ያብረቀርቃል፤ የጋራዥ ሽታ ሽቅብ መጣብኝ።

"ምንድን ነው ይሄ ጋሼ?"

"ከሰፈሩ በላይ ነዳጅ የሚቆፍሩት ሰዎች ጭቃ ነዋ! እነሱ መድፊያ ቸግሯቸዋል፣ እኔ ጉድጓድ መሙያ ቸግሮኛል። ሾፌሩ 'በነፃ ልሙላልዎት' አለኝ። አንድ ቦቴ ገባ፤ ሁለተኛውን ሊያመጣ ነው የሄደው። ከእንግዲህ የልጅ ልጄ ዳዴ ሲል ይገባበታል ብዬ አልሰጋም።"

ሴት ልጃቸው ወልዳ እሳቸው ቤት ነው የታረሰችው። ስጋታቸውስ እውነት ነበር። ግን መፍትሔውን ሳይ ደሜ ፈላ። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳሰላስል የወንድማቸው ልጅ በጭቃ በተለወሰ ቦቲ ጫማ ገባች። ውሃ ቢሮ ነው የምትሠራው፤ ከቁፋሮው ቦታ ስትመለስ ቦቴው ወደ ሰፈር ሲታጠፍ አይታ ተከትላው መጥታለች።

"ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያ ቦቴ እዚህ ምን ሊሠራ ገባ?"

ነገሯት። ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ድምፅዋን ግን ከፍ አላደረገችም። እኔ ብሆን ጮኼ ነበር።

"ይሄ ተራ አፈር አይደለም ጋሼ። መቆፈሪያውን ለማለስለስ የሚጠቀሙበት ነው። ጨው አለው፣ ናፍጣ አለው፣ ሌላም ብዙ ኬሚካል አለው። መደፋት የነበረበት ወፍራም ፕላስቲክ የተነጠፈበት ገንዳ ውስጥ ነው።"

"ጭቃ ጭቃ ነው ልጄ። ከመሬት ወጣ፣ ወደ መሬት ገባ። ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?"

"እነሱ ሲቆፍሩ ውሃው ያለበትን ንብርብር በብረት ቱቦ ያጥሩታል፤ በቱቦውና በመሬቱ መካከል ሲሚንቶ ይሞላሉ፤ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ወደ ታች አይቀጥሉም። ይሄ ሁሉ ልፋት ነዳጁና ጭቃው የምንጠጣውን ውሃ እንዳይነካ ነው። እነሱ እዚያ በሲሚንቶ የዘጉትን እርስዎ እዚህ በጓሮ ከፈቱላቸው።"

"የተማረ ሰው ነገር ማወሳሰብ ሲወድ! ጉድጓዱ እኮ ደረቅ ነው። የሌለ ውሃ እንዴት አድርጎ ይበከላል?"

ይህን ብለው ላጨበጭብላቸው ይመስል ወደ እኔ ዞሩ። በእኔ ቤት ብልጥ ጥያቄ ልጠይቅ ብዬ፣ "ጋሼ፣ ያንን ሙሉ ጣሳ ቫርኒሽ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ብደፋው ዝም ይሉኛል?" አልኳቸው።

"ቫርኒሽ ይደፋል እንዴ? ገንዘብ አይደለም ወይ!"

ራሴን ይዤ ጣውላው ላይ ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለውን ሰው የሚያስረዳ መድኃኒት ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ የምገዛው እኔ ነበርኩ።

ልጅቷ ግን ጉድጓዱን እያየች፣ "ለመሆኑ ጋሼ፣ ይሄ ጉድጓድ ለምን ደረቀ?" አለቻቸው።

በሰፈራችን ይህን ጥያቄ ደፍሮ የሚጠይቅ የለም። መልሱን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን።

"ቦኖው ነዋ!" ብለው ተነሱ። የሰፈራችን ቦኖ ከማዶ በኩል ካለው ጥልቅ ጉድጓድ በሞተር የሚሳብ ነው። "ያ ሞተር ከተተከለ ጀምሮ ነው! ሲነሳ የእኔ ውሃ ይወርድ፣ ሲያርፍ ይመለስ ነበር፤ በኋላ ጭራሽ ደረቀ። በዓይኔ በብሌኑ አይቻለሁ! ስንቴ ጮህኩ፣ ማን ሰማኝ? አባቴ ያወጣውን ውሃ በጠራራ ፀሐይ መጠጡት! ሰፈሩ ሁሉ የሚጠጣው የእኔን ውሃ ነው!"

"ልክ ነዎት ጋሼ" አለች በእርጋታ። "ቦኖው ከዚህ ይስባል። ውሃውን ከሳበ ታዲያ፣ ጭቃውን ማን አትሳብ ይለዋል?"

አናጢው ጎንበስ ብለው ጉድጓዱን አዩ። እኔም አፈርኩ። ያን ሁሉ ዓመት የስስታም ወሬ ነው ብለን የሳቅንበት አቤቱታ እውነት ነበር ማለት ነው።

በዚህ መሐል አራሷ በመስኮት ብቅ አለች። "አባዬ! ውሃ አልቆብኛል፤ ለልጁ ወተት መበጥበጫ ከቦኖው የሚያመጣልኝ ሰው ላክልኝ!"

"ቆይ... ቆይ ልጄ" አሉ። ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ታፈላዋለች እኮ፤ ካፈላችው ምንም አይልም አይደል፣ ዶክተር?"

"ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል ጋሼ፤ ጨውና ናፍጣን አያወጣም።"

ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጡ። "ሾፌሩ ምንም የለበትም ብሎኝ እኮ ነው።"

"የሾፌሩ ልጆች ከዚህ ቦኖ አይጠጡማ" አለች።

"አሁንስ? ደርሶበት ይሆን?"

"አላውቅም ጋሼ። እስኪመረመር ቦኖው ይዘጋ። የገባው ጭቃ ግን ዛሬውኑ ተመጥጦ ይውጣ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።"

በር ላይ ጥሩምባ ተነፋ። ሁለተኛው ቦቴ ነው። ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ዘለው ተነሱና የሥራ ጠረጴዛቸውን ጎትተው በሩን ዘጉት።

"አባት፣ ምን ሆኑ? ጭቃ እኮ ነው!" አለ ሾፌሩ።

"ጭቃ አይደለም! ናፍጣ ነው፣ ጨው ነው!"

"ጉድጓዱ ደረቅ ነው ብለውኝ አልነበር?"

"ደረቅ የሚባል ጉድጓድ የለም! ያስገባኸውን መጥጠህ ካላወጣህ ከዚህ በር ወይ ፍንክች!"

ተናድጄም ቢሆን ሳቄ አመለጠኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ያሳበደኝ ግትርነት የሚሆነውን ሥራ አገኘ። ሾፌሩ ለመነ፣ ተቆጣ፣ አለቃው ጋ ደወለ። ልጅቷም ቢሮዋ ደወለች። በመጨረሻ ቦቴው የያዘውን ወደ ቁፋሮው ቦታ መልሶ፣ ባዶውን መጥቶ ጭቃውን መጠጠ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። አንድ ጥያቄ ቀድሞ ቢጠየቅ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር! ጉድጓዱ ተጠርጎ በንጹህ ሸክላ አፈር ተሞላ፣ አፉ በሲሚንቶ ታሸገ፤ ሕፃኑ ዳዴ ቢልበትም የሚያሰጋ ነገር የለም። የቁፋሮው ኩባንያም የጭቃ መድፊያ ገንዳ አዘጋጅቶ ፕላስቲክ አነጠፈበት። በዙሪያው ያለ ጉድጓድ ሁሉ ውሃው ተመርምሮ ውጤቱ ተያዘ፤ ነገ ጣዕሙ ቢለወጥ ያኔ የነበረውን አይተን እንከራከራለን እንጂ በባዶ አንጮህም።

የቦኖው የመጀመሪያ ምርመራ ንጹህ ሆኖ ወጣ። ልጅቷ ግን በአንዱ አትፎክሩ፣ ውሃ ከመሬት በታች ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ እየደጋገምን እናየዋለን አለች። ስለዚህ ቦኖው እንደተዘጋ ነው። ጋሽ አናጢው የልጃቸውን ውሃ ራሳቸው ካልቀዱ አይሆንም ብለው፣ ሁለት ጀሪካን አንጠልጥለው የሌላ ሰፈር ቦኖ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ።

ባለፈው አብሬያቸው ተሰልፌ ነበር። አንዲት ሴት፣ "የእናንተ ቦኖ ተበላሸ እንዴ?" አለቻቸው።

"አልተበላሸም እመቤቴ" አሉ። "እኔ ነኝ ጭቃ ያስገባሁበት።" ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አያቸው። ቀና ብለው፣ "በእናንተስ ግቢ አሮጌ ጉድጓድ አለ?" ሲሉ ጠየቋት።