ጥሩዬን ጎተራ የከተትሁ ጊዜ

በኛ ጊዜ፣ ያው ኮሮና የገባ ጊዜ ማለቴ ነው፣ ብምልላችሁም አታምኑኝም፤ ሚስቴን ጥሩዬን እንደ በቆሎ ጎተራ ከትቻት ነበር። አትሳቁ! ፍርሃት ነው። በቡሬ በኩል አምቡላንስ ሲጮህ ውሻዬ እንኳ ከኔ ቀድሞ አልጋ ስር ይገባል። "ትኩሳት ያለበትን ይወስዱታል፣ ከሞተም አልቃሽ አይቆምለትም" ይባላል። ቀባሪ ከማጣት የባሰ ምን አለ፣ እስቲ ንገሩኝ?

ታዲያ የጤና ሠራተኛዋ አስናቁ "እጃችሁን ታጠቡ" ብላ በየደጃችን ጀሪካን አሰቀለችን። ታጠብን፣ ታጠብን፣ የመዳፌ መሥመር እስኪጠፋ። እና እውነቱን ልንገራችሁ፣ የልጆቹ ተቅማጥ ድራሹ ጠፋ፤ ዝንቡ ከስቶ መብረር አቃተው! እኔ ደግሞ ደጄ እንዳይጨቀይ ብዬ ከጀሪካኑ ስር ጉድጓድ ቆፈርሁ፣ እጣቢው እዚያ ይጠራቀማል። አገሩ ሁሉ እኔን አይቶ ቆፈረ። የወባ መድኃኒት የሚረጩት ሰዎች ግን ያን ዓመት ቀሩ፤ ቤት ለቤት መዞር ክልክል ነዋ።

እና አንድ ጧት ጥሩዬ ተንቀጠቀጠች፣ ነደደች።

"ዝም በይ፣ ይወስዱሻል!" ብዬ ብድግ አድርጌ ጎተራ። ሦስት ቀን! በሦስተኛው ውሃ አልወርድላት አለ፣ ስሜን መጥራትም ተወች። ጎተራውን ተደግፌ እኔም አብሬ ተንቀጠቀጥሁ።

አስናቁ ከች አለች።

"አያ ጫኔ፣ እትዬ ጥሩዬስ?"

"ገበያ ሄዳለች።"

"ገበያው ተዘግቶ የለም እንዴ? ደግሞ ጎተራው ምን ሆኖ ይንቀጠቀጣል?"

"አይጥ ነው።"

"አይጥ ጎተራ ያነቃንቃል?"

"የዘንድሮ አይጥ..." አልሁና እንባዬ ቀደመኝ። "ጥሩዬ ናት፣ አትውሰጂብኝ!"

አወጣናት። አስናቁ ጣቷን ወጋ አድርጋ ደሟን አየች።

"ወባ ናት! አያ ጫኔ፣ አንድ ቀን ጨምራ ብታድር ኖሮ..." ብላ ሳትጨርሰው መድኃኒት ልታወጣ ቦርሳዋን ከፈተች። ያ ያልጨረሰችው ቃል እስከ ዛሬ ያባንነኛል።

ጥሩዬ መድኃኒቱን እንደ ምንም ዋጠች፤ ሰንበት ብላ ደጅ ወጥታ ፀሐይ ትሞቅ ጀመር። አስናቁ ልታያት መጥታ ጉድጓዴን አጎንብሳ ብታይ፣ የትንኝ እጭ ውስጡ እስክስታ ይመታል!

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የንጽሕና ጉድጓድ ነዋ" አልኋት፣ ኮራ ብዬ።

ይሄኔ ጥሩዬ ከተቀመጠችበት ምን ብትል ጥሩ ነው?

"አንተ ሰውዬ! እኔን ጎተራ ቆልፈህ፣ ወባን ደጅህ ላይ ውሃ እያጠጣህ ስታረባ ከረምህ!"