እያነከሱ የዳኑት አይጦች

እንዴት ዋልሽ እህቴ? ብርዱ እንዴት አደረገሽ? እኔማ ጠዋት ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኝ ሸሚዜን የቆለፍኩት አንድ ቁልፍ አዛንፌ ነው። ያየሁትም እዚህ ከደረስኩ በኋላ ነው። ደግነቱ ነጩ ጋውን አለ። ጋውን ስንቱን ነገር ይሸፍናል አንቺ!… የበረዶ ማሽናችንም ተጠገነ፣ ሰማሽ? በዚህ ብርድ በረዶ አገኘን ብለን የምንደሰት እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። አለቃችንም ብርዱ ጉልበታቸውን ይዟቸው፣ ደረጃውን ሲወጡ መደገፊያውን ጨብጠው አየኋቸው። አሳዘኑኝ።

ቆይ፣ ይሄ ካርቶን ምንድን ነው? መሳቢያሽን ጠራርገሽ… ኧረ ተዪው! ነገ እኮ ስብሰባ ብቻ ነው። ኮሚቴው የሚነጋገረው ውልሽ ይታደስ ወይስ አይታደስ በሚለው ላይ… እሺ፣ ልክ ነሽ፣ ያው እሱ ነው። «የተሳካ ሙከራ ደግማ መሥራት አቃታት፤ እጇ ለዚህ ሥራ አይሆንም» ተብሎ ቀርቦብሻል። እኔ በዚህ ላይ አስተያየት የለኝም። ተቀመጪና ሻይሽን ጠጪ። እኔም መለኪያ ማሽኑ እስኪጨርስልኝ እየጠበቅሁ ነው። ጠዋት ያስገባሁለት አንድ ትንሽ ነገር አለች። እስከዚያ ስለ ሌላ ነገር እናውራ።

ስለ አንድ የማውቃቸው ሰው ላጫውትሽ። እዚህ አይደሉም። ሌላ ቦታ፣ ሌላ ቤተ ሙከራ ነው… ምነው ወደ መስታወቱ በር ታያለሽ? ገርበብ ቢል ምን አለበት? አለቃችን ስልክ ላይ ናቸው። ደግሞስ ሰው እየተመሰገነ ድምፅ ይቀነሳል እንዴ?

ስማቸውን አልጠራም። ምስጋና አይወዱም፣ ትሑት ናቸው። ትሑት መሆናቸውን የነገሩኝም ራሳቸው ናቸው፣ ያውም ደጋግመው።

ሥራቸው ቁርጥ የእኛን ነው፣ አይገርምም? ሰውነት ሲቆጣ ሴሎቻችን ከገዛ ሽፋናቸው ላይ የስብ አሲድ ቆርሰው መልእክተኛ ያደርጉት የለ? «እብጠት ይምጣ፣ ሕመም ይምጣ» እያለ የሚዞረውን? እሳቸውም ያንን መልእክተኛ የሚያስቆም መድኃኒት ነው የሚፈልጉት። የአይጦቹን እግር በመርፌ ያስቆጣሉ፤ ለግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ለግማሾቹ ውሃ ይሰጣሉ። ከዚያ ደም ቀድተው መልእክተኛው ምን ያህል እንደሆነ ይለካሉ። ይህንን ለአንቺ ማስረዳቴ ድፍረት ነው። አንቺ ሠርተሽዋል። «በደንብ አልሠራሽውም» መባልሽ ሌላ ጉዳይ ነው።

እና እኚህ ሰው እጃቸው ልዩ ነው። መድኃኒቱን ያገኙት አይጦች ደም ሲቀዳ ማየት ነበረብሽ! ለማንም አይሰጡም፣ ራሳቸው ናቸው የሚቀዱት። ቱቦውን እንደ አራስ ልጅ ነው የሚያቅፉት። ከመርፌው ወደ በረዶ፣ ከበረዶው ደሙን አሽከርክሮ ወደሚለየው ማሽከርከሪያ፣ ዐይናቸውን ሳይነቅሉ። እኔም ማሽከርከሪያው ጋ ተራዬን እየጠበቅሁ… አይ፣ ሌላ ቤተ ሙከራ ብዬሻለሁ። ለእንግድነት ሄጄ ነበር እንበል።

ከዚያ ተራው ውሃ የተሰጣቸው አይጦች ሆነ። የእነሱም ደም ተቀዳ፤ በዚህ በኩል አድልዎ አልነበረም። ብቻ ልክ ያን ጊዜ ፎቶ አንሺው መጣ። ለተቋሙ መጽሔት ሽፋን ነው። ፎቶ ለሳይንስ ምን ያደርጋል ትያለሽ? ምን እናውቃለን እኔና አንቺ! አንድ ከቱቦ ጋር ተነሱ፣ አንድ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጋር፣ አንድ ከማይክሮስኮፑ ጋር። ማይክሮስኮፑ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም፣ ግን ያምራል። መብራቱም አልበራም ነበር። እንደዚያም ሆኖ ዝቅ ብለው ሲያዩበት እንዴት ተመስጠው ነበር! እኔ በርቶልኝ እንኳ እንደዚያ አላይበትም።

ቱቦዎቹ ታዲያ? ቱቦዎቹማ መስኮቱ ደፍ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። እኔ መቼም ነገር አያስችለኝም፣ ጠጋ ብዬ «በረዶ ላይ ላስቀምጥልዎት?» አልኳቸው። በእጃቸው እሽ እንደሚባል ዝንብ አባረሩኝ። ሽፋኑ ላይ ቀኝ እጃቸው ትንሽ ደብዘዝ ያለው ለዚያ ነው። ልብ ብለሽ እዪው… ማለቴ፣ የዚያኛው ተቋም መጽሔት እጅሽ ከገባ።

ደምን ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ የዋህ ነገር ነው። ከአይጧ መውጣቱን ማን ነግሮት? በረዶ ካልነገረው በቀር ቱቦ ውስጥም ሆኖ ሥራውን አያቋርጥም። ይረጋል፣ ይቆጣል፣ የስብ አሲዱን እየቆረሰ መልእክተኛ ይልካል። ማንም በሌለበት ቱቦ ውስጥ «እበጡ! ታመሙ!» እያለ ይጮኻል። ምስኪን! ምን ያድርግ?… እና ሲለካ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ውሃ የተሰጣቸው ሰማይ ነኩ፤ መድኃኒት ያገኙት መሬት ላይ ቀሩ። ልዩነቱ ለዐይን እንዴት ያምር ነበር! እቅፍ አበባ መጣ፣ ንግግር ተደረገ፣ ኬክ ተቆረሰ። እኔም በልቻለሁ። ኬኩ ላይ ምንም እንከን አላገኘሁበትም።

አንዲት ነገር ብቻ… ልሳሳት እችላለሁ። ደግሜ ነው ያየኋቸው፣ ግን ሦስተኛም ማየት ነበረብኝ። የአይጦቹ እግር። እግራቸው እኮ እንዳበጠ ነው። መድኃኒት ያገኘውም ያላገኘውም እኩል ያነክሳል። ይህንኑ በትሕትና ብጠይቅ «እግር ላይ አትይ፣ ውጤቱ ላይ እይ። ውጤቱ ድነዋል ይላል» ተባልኩ። ተገቢ መልስ ነው። አይጦቹ ግን ማንበብ ስለማይችሉ ማንከሳቸውን ቀጠሉ።

ሰውዬው ራሳቸውም ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ አልነገርኩሽም? በብርድ ጊዜ እንደ ዳቦ ነው የሚነፋው። ያን ጊዜ ታዲያ ምን ይውጣሉ መሰለሽ? ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን፣ እኔና አንቺ ለራስ ምታት የምንውጠውን ተራ ማስታገሻ። የራሳቸውን መድኃኒት አንድ ቀን ቀምሰውት አያውቁም። ለሌላው ሰው ቆጥበው ነው! እንዲህ ያለ ደግነት የት ይገኛል?

እዚያ ደግሞ አንዲት ልጅ አለች። ዝምተኛ፣ ጥንቁቅ፣ እንደ አንቺ ቱቦ ላይ የምትጽፈውን ቁጥር ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የምታነብ። ሙከራውን ድገሚው ተባለች፣ ደገመችው። ጥፋቷን ልንገርሽ? የሁሉንም ደም በረዶ ላይ አስቀመጠችው! የመድኃኒቱንም፣ የውሃውንም! እንዲህ ያለ ግድየለሽነት አይተሽ ታውቂያለሽ? መስኮቱን ዞር ብላ አላየችው፣ ፎቶ አንሺ አልጠራች፣ ጸጉሯን እንኳ አላበጠረች። እንዲህ ተሠርቶ ልዩነት ከየት ይመጣል? ጠፋ። «እጇ ነው» ተባለ። እውነታቸውን ነው፣ እጇ ነው። ያ እጅ ባይኖር እኮ ሁሉም ሰላም ነበር። አሁን ታዲያ ውሏ… ተዪው፣ ስለ እሷ አናውራ። ሻይሽ ቀዘቀዘ። ዐይንሽንም ጥረጊው፣ ያ መሐረብ ንጹሕ ነው።

ቆይ! ሰማሽ? ማሽኑ ጨረሰ። ማተሚያውም ጀመረልኝ። ነይ አብረን እንየው፣ ብቻዬን ሳይ እጠራጠራለሁ። ጠዋት ያስገባሁት ምን እንደሆነ ልንገርሽ? የአይጥ ቤቱ ኃላፊ ከሌላ ጥናት የተረፉ አይጦች ፈቀደችልኝ። እግራቸው የተቆጣ፣ መድኃኒት የሚባል ነገር በአጠገባቸው ያላለፈ፣ ሁሉም ውሃ ብቻ የተሰጣቸው። የእያንዳንዱን ደም ሁለት ቦታ ከፈልኩት። ግማሹን ወዲያው በረዶ ላይ። ግማሹን ደግሞ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጬ ሻይ ጠጣሁ። የእኛ መስኮት ደፍ ላይ ነው ታዲያ፤ የእነዚያን የት አገኘዋለሁ?

ይኸው ወጣ… ቆይ፣ መነጽሬን። አንቺ፣ በትክክል ይዤዋለሁ? አልገለበጥኩትም? በረዶ ላይ የነበሩት መሬት ላይ ናቸው። መስኮቱ ላይ የነበሩት ሰማይ ነክተዋል። ያንን ኬክ የተቆረሰለትን ውጤት አይመስልም? መንትያው ነው! እህቴ፣ ውሃ ጠጥተው ዳኑ! ያውም ሁሉም እያነከሱ። ሰውዬው መድኃኒታቸውን በስማቸው ሊያስመዘግቡ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እኔና አንቺስ በረዶን ብናስመዘግብ? ወይስ ማሽኑን የጠገነው ሰውዬ ይቀድመናል?

ስልኩ የተዘጋ መሰለኝ። ምነው ጸጥ አለ?… ወንበርም ተንቀሳቀሰ። ዘና በይ እንጂ። እኛ ምን አደረግን? ሰው ነው ያመሰገንነው።

እንዴት ዋሉ ዶክተር! ኧረ ምንም፣ ስለ ብርዱ እያወራን ነው። ስለ ብርዱና ስለ አንድ ሰው። አይ፣ እርስዎ አያውቋቸውም… ይሄ? ይሄ የውሃ ውጤት ነው። ይያዙት፣ ይመልከቱት። ኧረ ዶክተር፣ በመስኮቱ ብርሃን ይሻላል። ወደ መስኮቱ ጠጋ ይበሉ… ነገ ለኮሚቴው እኔ ላሳየው አስቤ ነበር፣ ግን ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል፤ እርስዎም ያውቁታል። ከዚያ ደግሞ አንድ የማላመልጠው ጥያቄ ይነሣል፤ «ልዩነቱን ያመጣው ምንድን ነው?» ይሉኛል፤ እኔም እውነቱን ከመናገር ሌላ ዘዴ የለኝም። እርስዎ ቢያቀርቡት ግን ያምርብዎታል። ራስዎ አገኘሁት ቢሉም እኔ አልቀየምም። ስሕተትን ራስ ማግኘት ትልቅነት ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም?

አቤት?… ራስዎ ያቀርቡታል? በጣም ጥሩ። የእሷስ ነገር? አቤት ዶክተር፣ አልሰማሁም፣ ማተሚያው እየጮኸ ነው… «የልጅቷ እጅ ችግር የለበትም»? ይህንንም ነገ እንደዚሁ ይሉታል? ትንሽ ጮክ ብለው? እግዜር ይስጥልን። ሰማሽ እህቴ? ካርቶኑን ፍቺው። መሳቢያሽን መልሰሽ ሙዪው፣ ከብዕሮችሽ ጀምሪ፣ አንደኛው የእኔ ነው።

ደህና ያምሹ ዶክተር። ደረጃው ላይ ቀስ ይበሉ። መደገፊያውን ይያዙ… በግራ በኩል… እንደሱ።

እየወረዱ ነው። ኧረ አትሳቂ፣ ነውር ነው! ሰው ጉልበቱን እያመመው ይሳቃል? ገና ሁለተኛው መታጠፊያ ጋ ናቸው፣ በሩን ትንሽ ክፈቺው፤ ምርቃት ተሸሽጎ አይመረቅም። ለዚያ ለማውቃቸው ሰው ነው ታዲያ፣ ለሌላው ቤተ ሙከራ ሰውዬ። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። እጃቸው አይንቀጥቀጥ፣ ፎቷቸው ይመርላቸው። ጉልበታቸው ባበጠ ቁጥር ከባዕድ መድኃኒት ደጅ አያቁማቸው፤ የደከሙበት የገዛ መድኃኒታቸው ይድረስላቸው። ልክ እንደ አይጦቻቸው፣ ልክ እንደ አይጦቻቸው ፈጽመው ይዳኑ!

አሜን በይ እንጂ።