ደረቴ ላይ ያደረው የሰባት ወር ልጅ

ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ይመስላል፣ ፊደልም እሳሳታለሁ፤ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩምና እየታገሣችሁ አንብቡልኝ። ፒያሳ ጨርቅ ለሚሸጡት ጎረቤታችን ለእትዬ አስካለ አጥሚት ይዤ ሆስፒታል በሄድኩበት ቀን፣ ከተማው ውስጥ ተኩስ ተነሣና በሩ ተዘጋብኝ። ከስድስት ኪሎ በኩል መድፍ ባጓራ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። አመሻሹ ላይ መብራት ጠፋ። የእትዬ አስካለ ልጅ በሰባት ወሩ ስለተወለደ በኤሌክትሪክ በሚሞቅ ሳጥን ውስጥ ነበር የተኛው፤ እሳቸው ደግሞ በትኩሳት ራሳቸውን አያውቁም። ነርሷ እየቀዘቀዘ የሄደውን ሳጥን ዳሰሰችና ወደ እኔ ዞረች።

«ነይ አንቺ፣ ቀሚስሽን ፍቺ፤ ደረትሽ ላይ ላስተኛው ነው።»

«ኧረ ሲስተር፣ አፍራለሁ!»

«ዓይኑን እንኳ በወጉ አልገለጠ፤ ማንን ነው የምታፍሪው?»

ልጃቸውን የሚያስታምሙ አሮጊት ከጎን ሆነው፣ «ይልቅ እሱ ይፈር፣ ሳይጠሩት የመጣው!» ብለው ሳቁ።

እንደ ረጠበ ወፍ ቀዝቅዞ ነበር። አሮጊቷ በነጠላቸው አንድ ላይ ጠቀለሉን። የእሱን ትንፋሽ ሳዳምጥ የራሴን እረሳለሁ። ሊነጋጋ ሲል እግሩ ሆዴ ላይ ሞቀ። በማግስቱ ተኩሱ ቆሞ መብራት ሲመጣ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ነርሷ ልጁን ወደ ሳጥኑ መለሰችው፤ እኔ አለቀስኩ። «የደስታ ነው» አሉ አሮጊቷ።

ዛሬ ከእናቱ ሱቅ ባንኮኒ ሥር ይሮጣል። ላነሣው ስል ይሸሸኛል። ያን ሌሊት ሰው ሁሉ ተኩሱ እንዲቆም ሲጸልይ፣ እኔ ግን አንድ ቀን እንዲጨምር ለምኜ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።