ከጸሎቱ መሀል የመጣው ማንኮራፋት

ነቀምቴ ሐኪም ቤት «ጉበትህ ስብ ይዟል» ተባልኩ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቸርች ደረሰ። እኔ ጠላ እንኳ ቀምሼ አላውቅም! የቸርቻችን ሽማግሌ ኦቦ ዲንቃ ግን ቤቴ ድረስ መጥተው «ወንድሜ፣ መጠጡን ለጌታ ተናዘዝ» አሉኝ።

«ኧረ ኦቦ፣ ማንኮራፋቱ ነው!» አለች ባለቤቴ። «እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ ቁርጥ ይላል። ሐኪሙ እንዳለው፣ ኦክስጅን ሲያንሰው ጉበት ስቡን ማቃጠል ትቶ ያከማቻል።»

«ማንኮራፋት ጉበት ድረስ?» ብለው ሳቁና ጸሎት ጀመሩ። ዓይናችንን ጨፍነን ስንሰማ ድምፃቸው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደና... ኸርርር! ሶፋዬ ላይ አንኮራፉ። ደግሞ ድንገት ትንፋሻቸው ቁርጥ አለ። እኛም ትንፋሻችንን ያዝን። ብንን ብለው «አሜን!» አሉ።

ባለቤቴ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ኦቦ፣ ነገ እርስዎም ጉበትዎን ይታዩ፤ መጠጡን ግን እዚሁ ይናዘዙ» አለቻቸው።