የጨዋ ልጅ ጉልበት

ወታደሩ ልጄ ስልጠና ላይ ጉልበቱ ተሰብሮ በክራንች ቀረ። ካሣውን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ግን ጉዳቱን «አሥር በመቶ» አለው። ለምን ብትሉ፣ ሽማግሌው የቦርዱ ሰብሳቢ ሲገቡ ልጄ «ኖር» ብሎ ግድግዳ ተደግፎ ተነሣላቸው፤ እሳቸውም «ያለ ክራንች ይነሣል» ብለው ጻፉ። እንዲያ አድርጌ ያሳደግሁት እኔው ነኝ!

ይግባኙንም የሚያዩት እኚያው ሰብሳቢ ናቸው አሉን። እዚሁ ናዝሬት በባጃጅ ስወስደው፣ «ንጉሥም ቢገባ ንቅንቅ እንዳትል» አልኩት። ሰውዬው ገቡ፤ ልጄ አቀርቅሮ ቁጭ እንዳለ ነው።

«ምነው፣ ለታላቅ መነሣት ቀረ እንዴ?»

አፍሮ ሊነሣ ሲል ትከሻውን ተጫንኩት። «ጌታዬ፣ ያን ጊዜ ጨዋ ቢሆን አሥር ሰጣችሁት። ዛሬ ባለጌ ሆኖ መጥቷል፤ ስንት ትሰጡታላችሁ?»

ሳል ያዛቸው። ከዚያ የጉልበቱን ራጅ ገና ዛሬ ከፖስታው አውጥተው አዩና አርባ ጻፉለት።

ልጄ ግን እስከ ቤት «እማዬ፣ አዋረድሽኝ» እያለ አኮረፈኝ።