የአቶ ክንዱ ማኅተምና የሉባባ ስልክ

አቶ ክንዱ ማኅተም ይወዳሉ ብንል ሐሜት አይሆንብንም። ሠላሳ ዓመት በመሥሪያ ቤት ሲያገለግሉ ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት አምነው አያውቁም። መሥሪያ ቤታቸው ድረ ገጽ የከፈተ ጊዜም የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው እሳቸው ነበሩና፣ ማስታወቂያ ሁሉ ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ከዚያ ፎቶ ተነሥቶ እንዲለጠፍ አዘዙ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እሳቸው ሞኝ አልነበሩም፤ ወረቀቱን ግን አልለቀቁም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከሰፈራቸው ከፋሲሎ ወርደው፣ ሐይቁ ዳር ካለ ዋርካ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ አሉ። ከወንበሩ ጫፍ ሒጃብ የለበሰች ወጣት፣ ነጭ በትሯን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ተቀምጣለች። ሰላምታ ተሰጣጡ። ወዲያው የአቶ ክንዱ ስልክ ጮኸ። የምትደውለው ድረ ገጹን የምታስተዳድረው ርሆቦት ነበረች።

«ጋሼ ክንዱ፣ የነገውን ማስታወቂያ በጽሑፍ ላውጣው እንዴ? ፎቶው ይደበዝዛል» አለቻቸው።

«ምን ሲደረግ! ማኅተሙ መታየት አለበት። ማኅተም የሌለው ማስታወቂያ የገበያ ወሬ ነው!» ብለው ዘጉት።

ወጣቷ ፊቷን ወደ ድምፃቸው መለሰች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አቶ ክንዱ ነዎት?»

«ነኝ። የት ታውቂኛለሽ፣ ልጄ?»

«ድምፅዎን አውቀዋለሁ። ሉባባ መስዑድ እባላለሁ፤ ሕግ ነው የተማርሁት። ባለፈው ወር እናንተ ዘንድ ለሕግ ባለሙያነት ተመዝግቤ ነበር። ፈተናው አመለጠኝ።»

አቶ ክንዱ አማላጅነት ልትጠይቃቸው መስሏቸው ፊታቸውን አጠቆሩ። «አርፍደሽ ይሆናላ።»

«አላረፈድሁም። ሐሙስ ነው ተብሎ ሐሙስ በማለዳ ተገኘሁ። አዳራሹ ዝግ ነው። ዘበኛው ‹ወደ ማክሰኞ ተስቦ ተፈትነው ጨርሰዋል› አለኝ።»

«መለወጡን በድረ ገጻችን አውጥተናል እኮ!»

«አውጥታችኋል። እኔም በየቀኑ እከፍተው ነበር። ስልኬ ጽሑፍ ሲያገኝ ጮክ ብሎ ያነብልኛል። የእናንተ ገጽ ላይ ሲደርስ ግን ‹ሥዕል› ይላል፣ ዝም ይላል። ፎቶ ውስጥ የተቀመጠ ፊደል ለእሱ ፊደል አይደለም።»

«ታዲያ ዓይን ያለው ሰው አትጠይቂም ነበር? ጎረቤት ጠፋ?»

«ጋሼ፣ ገጹ ላይ ያለው ሁሉ ሥዕል ነው። የትኛው አሮጌ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ በምን ልወቀው? የምጠይቀው ነገር መኖሩንስ ማን ይንገረኝ?»

አቶ ክንዱ መልስ ሲያጥራቸው ወደ ደንብ መሸሽ ልማዳቸው ነበረና፣ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጣፍ ያለ ይወረሳል፤ እኔ ማስረጃ ነው የምጠብቀው። ከሕግ ውጪም አልሠራሁም» አሉ።

«እሱንስ በትሕትና ልቃወምዎ» አለች ሉባባ። «አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ያጸደቅነው ስምምነት ደግሞ የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል ሕገ መንግሥቱ። በዚያ ስምምነት መንገዱና ሕንፃው ብቻ ሳይሆን ኢንተርኔትም ለእኛ ተደራሽ ይሁን ተብሏል። ለሥራ ያለ አድልዎ እንድንወዳደር የሚለው አዋጅም ከወጣ ቆይቷል። ድረ ገጽ እንዴት እንደሚሠራ ዓለም የሚስማማበት መመሪያ አለ፤ ሥዕል ሲለጠፍ አጠገቡ የሚነበብ ጽሑፍ ይቀመጥለት ነው የሚለው። ማኅተሙን ጣሉት አላልሁም። ከሥሩ ይጻፍልን ነው ያልሁት።»

«ለጥቂት ሰው ሲባል...»

«እስቲ ያንን ቀኑ የተለወጠበትን ማስታወቂያ እርስዎ ያንብቡልኝ።»

አቶ ክንዱ መነጽራቸውን አውጥተው ስልካቸውን ከፈቱ። ፎቶው ለመምጣት ቆየ። መጣ፤ ፊደሉ ደቃቅ ነው። ሲያሰፉት ደበዘዘ። አቀረቡት፣ አራቁት። በመጨረሻ ቀኑን ሲፈልጉ፣ ያ ክብ ሐምራዊ ማኅተማቸው ልክ ቀኑ ላይ ተቀምጦ አገኙት። ራሳቸው የፈረሙበትን ወረቀት ማንበብ አቃታቸው።

«ዓይኔም ደክሟል» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ፣ «ድምፄን ከየት አወቅሽው? ተነጋግረን አናውቅም» ሲሉ ጠየቋት።

ሉባባ ስልኳን ነካካች። አባቷ የቀዳላት ድምፅ ወጣ፤ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየ፣ ለሕፃን እንደሚያስጠና ሰው ያነባል። «የሥራ መደቡ፣ የሕግ ባለሙያ። ብዛት፣ አንድ። ፈተናው የሚሰጠው፣ ሐሙስ...» በመሐል ሌላ ድምፅ ገባበት። «ሰውዬ፣ ምን ያስጮህሃል? እዚህ ገበያ አይደለም! ዘበኛ፣ አስወጣልኝ!» የአባቷ ድምፅ መለሰ፤ «አፉ በሉኝ ጌታዬ፣ ለልጄ ነው። አንድ መስመር ቀርቶኛል፤ ልጨርስላት።»

አቶ ክንዱ የገዛ ድምፃቸውን ለዩት፤ ሰውየውንም አስታወሱት። ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ በየሳምንቱ ከማስታወቂያ ሰሌዳቸው ፊት ቆሞ ስልኩን አፉ ላይ አስጠግቶ ብቻውን ሲያወራ፣ ጤና የጎደለው መስሏቸው ነበር።

«አባቴ በየሳምንቱ እንዲህ ቀድቶ ያመጣልኝ ነበር፤ ስምዎንም የነገረኝ እሱ ነው» አለች። «ይህ የመጨረሻው ነው። ከዚህ በኋላ ታመመ፤ አላህ ይዘንለት። የቀኑ መለወጥ የወጣው በተቀበረ በአምስተኛው ቀን ነው። ‹ሐሙስ› ያለኝን ይዤ ሄድሁ።»

የሰው ልብ ብዙ ጊዜ በሕግ አይረታም፤ የገዛ ድምፁን ሲሰማ ግን መድረሻ ያጣል። «አጥፍቻለሁ፣ ልጄ» አሉ አቶ ክንዱ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

በማግሥቱ ፈተናው እንዲደገምላት አለቃቸውን ለመኑ። አልሆነም፤ ቦታው ተይዟል፣ የተቀጠረውም ሥራ ጀምሯል። የተበላሸ ሁሉ አይጠገንምና ይህ ሐዘን ለሉባባ ቀረ። ለወደፊቱ ግን አቶ ክንዱ ከርሆቦት ጋር ተቀምጠው ደንቡን ለወጡት። ከእንግዲህ ማንኛውም ማስታወቂያ በጽሑፍ ይወጣል፤ ማኅተም ያለበት ፎቶ ከሥሩ ይከተላል፤ ለፎቶውም መግለጫ ይጻፍለታል፤ በምዝገባ ቅጹ ላይ ያለው፣ ‹ሥዕል አይተህ ቁጥሩን ገልብጥ› የሚለው ትእዛዝም ይቀራል። ጥቅሙ ለዓይነ ስውር ብቻ አልሆነም። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት በደቅ ደሴት ያለ ገበሬ፣ ፎቶው እንቢ ሲለው ጽሑፉ ይከፈትለት ጀመር። ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ፊደሉን አጉልቶ ያነባል፤ ማንበብ ያልተማረች እናትም ስልኳን አስነብባ ትሰማለች። አንዲት ልጅ ብትጠይቅ ለስንቱ ተረፈ!

የመጀመሪያው ጽሑፍ በወጣ ዕለት ሉባባ ደወለችላቸው።

«ጋሼ ክንዱ፣ አነበብሁት። ከላይ እስከ ታች።»

«እሰይ! ማን አገዘሽ?»

«ማንም» አለች በኩራት። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «አባቴ ዛሬ ቢኖር ይህን ነበር የምነግረው።»

አቶ ክንዱ ስልኩን ዘግተው ወደ ግቢው ወረዱ። የሉባባ አባት መስዑድ ይቆምበት ከነበረው፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ብቻቸውን ቆመው ቆዩ። ዘበኛው ጠጋ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ የሚፈልጉት ሰው አለ?» አላቸው።

«ነበረ» አሉ አቶ ክንዱ። «ይቅርታ ልጠይቀው ነበር፤ ዘገየሁ።»